ከዲቪዲ ወደ እጅ ስልክ፤ የቤተሰብን ፊልም ከጥፋት ስለ ማዳን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሰሞን፣ በ2018 ዓ.ም.፣ በአዳራሹ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ አንድ የሳይንስ ነገር መርጬ እንድናገር መምህራችን ባዘዙኝ ጊዜ ብዙ አሰብሁ። ጓደኞቼ ስለ ጠፈር፣ ስለ ፀሐይ ብርሃን ኃይል፣ ስለ ወባ ትንኝ ሊናገሩ ተዘጋጅተዋል። እኔ ግን ከሰማይ ወርጄ፣ በየቤታችን በቁም ሣጥን ውስጥ፣ በቴሌቪዥን ሥር፣ ወይም በአሮጌ ሻንጣ ውስጥ አቧራ ለብሶ ስለ ተቀመጠው ዲቪዲ ስለሚባለው ክብ ሸክላ ልናገር ወደድሁ። «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። እስከ መጨረሻው ግን በትዕግሥት እንዲያዳምጠኝ እለምነዋለሁ።

ነገሩን ወደ ልቤ ያስገባው ምክንያት ይህ ነው። አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እኅት፣ በጥር ወር 2002 ዓ.ም. እዚሁ ሐረር ተዳረች። አያቴ ቀደም ብለው ዐርፈው ስለ ነበረ፣ በእርሳቸው ፈንታ ተነሥቶ ሙሽሮቹን የመረቀው አባቴ ነው። ሠርጉም ተቀርጾ በዲቪዲ ተሰጠን። እኔ ያን ጊዜ የ2 ዓመት ሕፃን ነበርሁ። በ2005 ዓ.ም. አባቴ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። መልኩን ከግድግዳችን ላይ ካለው ፎቶግራፍ አውቀዋለሁ፤ ድምፁን ግን አላስታውስም ነበር። የአባቴ ድምፅ ያለበት ነገር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ያ ዲቪዲ ነው።

የቤታችን ማጫወቻ ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል። አዲስ የሚሸጡት ኮምፒዩተሮችም አብዛኛዎቹ ዲቪዲ የሚጎርሱበት አፍ የላቸውም። እናቴ በጊደር መጋላ ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። ጊደር መጋላ ማለት በሐረሪ ቋንቋ ትልቁ ገበያ ማለት ነው፤ የማይገኝበት ነገር የለምና፣ ዘፈንና ፊልም በስልክ ላይ የሚጭኑ ልጆችም አይጠፉም። እናቴ አንድ ቀን ዲቪዲውን በነጠላዋ ጠቅልላ ወስዳ ለአንዱ ሰጠችው። እርሱም «በስልክሽ ላይ አድርጌልሻለሁ፣ እናቴ» ብሎ ገንዘቡን ተቀበላት። ማታ ቤት ስንከፍተው ግን ሰዎቹ ሁሉ እንደ ሸንበቆ ቀጥነው ረዝመዋል። ደግሞም አፋቸው ከተዘጋ በኋላ ነው ቃሉ የሚሰማው። እናቴ ጥቂት ተመለከተችና ስልኩን አስቀምጣ፣ «ይኼ አባትህ አይደለም፤ አባትህ እንዲህ ቀጭን ሰው አልነበረም» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጁ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሥራውን የሚያስተምረው ስላላገኘ ነው እንጂ። ስለዚህ እኔ ልማረው ቆረጥሁ። የተማርሁትንም ዛሬ ላካፍላችሁ ነው።

በመጀመሪያ ዲቪዲ ምንድን ነው? በአውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ታላላቆቹ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች በአንድ ዐይነት ደንብ ተስማሙና፣ በ1996 ዓ.ም. በጃፓን አገር ለገበያ ቀረበ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ሸክላ ነው። በላዩ ላይ ከመካከሉ ተነሥቶ እየዞረ ወደ ጠርዙ የሚወጣ እጅግ ቀጭን መንገድ አለ። በዚያ መንገድ ላይ ያሉትን ምልክቶች ቀይ የሌዘር ብርሃን ያነባቸዋል። በአንዱ ዙርና በሚቀጥለው ዙር መካከል ያለው ርቀት 0.74 ማይክሮን ብቻ ነው፤ ይኸውም በአንዲት የራስ ጠጕር ውፍረት ላይ 100 ያህል ዙሮች ጎን ለጎን ይተኛሉ ማለት ነው። አንዱ ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። በፋብሪካ ታትሞ የሚሸጠው ምልክቱ በፕላስቲኩ ላይ የታተመና በስስ የአሉሚኒየም ንጣፍ የተሸፈነ ነው። እንደ ሠርጋችን ያለው በኮምፒዩተር የሚጻፈው ዲቪዲ ግን ምልክቱን የሚይዘው በቀለም ነው። ቀለም ደግሞ በፀሐይና በሙቀት ይደበዝዛል። እንግዲህ በመስኮት አጠገብ ያስቀመጣችሁት የሠርግ ዲቪዲ፣ ማንም ሳይነካው፣ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየሞተ መሆኑን ዕወቁ።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ፊልሙን ለምን እንዳለ ገልብጠን በስልክ ላይ አናስቀምጠውም? የሚል ነው። ይህን ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። በእኛ አገር በሚሠራበት ደንብ አንዱ የዲቪዲ ሥዕል 720 በ576 ነጥቦች አሉት። በአንድ ሴኮንድም 25 ሥዕሎች ይታያሉ። ይህ ሁሉ ሳይታጠፍ ቢጻፍ ለአንድ ሴኮንድ 15.5 ሚሊዮን ባይት ያህል ያስፈልጋል። የ2 ሰዓት ፊልም 7,200 ሴኮንድ ነው፤ ስናባዛው 112 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ይህ እንዴት 4.7 ጊጋባይት በሚይዝ ሸክላ ላይ ገባ? መልሱ፣ ታጥፎ ነው። ከ24 እጅ አንድ እጅ ብቻ ሆኖ ነው።

የማጠፉ ጥበብ እንዲህ ነው። በመኪና ግርግር ቁጭ ብሎ የሚሰፋውን አንድ ልብስ ሰፊ በካሜራ አንሥተነዋል እንበል። ግድግዳው አይንቀሳቀስም፤ የተሰቀለው ልብስ አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሱት እጁና መርፌው ናቸው። ታዲያ 25 ጊዜ በሴኮንድ ግድግዳውን እንደ ገና መሣል ምን ይጠቅማል? ስለዚህ በግማሽ ሴኮንድ ገደማ አንድ ሙሉ ሥዕል ይጻፋል፤ በመካከሉ ላሉት ሥዕሎች ግን «ከፊተኛው የተለወጠው ይህ ብቻ ነው» ተብሎ ለውጡ ብቻ ይጻፋል። የሰው ዐይን የማያስተውለው ጥቃቅን ነገርም ይተዋል። ዲቪዲ የሚሠራበት የማጠፊያ ደንብ ኤምፔግ 2 ይባላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ኤች 264 የሚባል የበለጠ ብልህ ደንብ ወጣ። ይህ አዲሱ ደንብ ያንኑ ጥራት በግማሽ ያህል ቦታ ሊይዝ ይችላል። ዛሬ በእጃችን ያሉት ስልኮች ኤች 264ን የሚፈታ ክፍል በውስጣቸው ተሠርቶላቸዋል። ኤምፔግ 2ን ግን ብዙዎቹ በተፈጥሯቸው አያውቁትም። እንደ ቪኤልሲ ያለ ማጫወቻ ቢጫንባቸው ሊያሳዩት ይችላሉ፤ ነገር ግን ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ቦታውን ሁሉ ይወስዳል፣ ባትሪውንም ይጨርሳል።

ከዚህም በላይ፣ በዲቪዲ ውስጥ ያለው ፊልም አንድ ወጥ ፋይል አይደለም፤ ከ1 ጊጋባይት እምብዛም በማይበልጡ ክፍሎች የተቆራረጠ ነው። የእኛ ሠርግ የ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፊልም ሲሆን፣ 4.2 ጊጋባይት ሆኖ በ4 ተቆራርጦ ነበር። እንግዲህ ከዲቪዲ ወደ እጅ ስልክ መለወጥ ማለት እነዚህን ቍራጮች አንድ አድርጎ፣ በአሮጌው ደንብ የታጠፈውን ፈትቶ፣ በአዲሱ ደንብ እንደ ገና ማጠፍ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ይህን የሚሠራ ሀንድብሬክ የሚባል ፕሮግራም አለ። ኤሪክ ፔቲ የተባለ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. የጀመረው ሲሆን፣ ለማንም ሰው በነጻ የሚሰጥ ነው። ቪኤልሲም እንዲሁ በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ መነሻው በፓሪስ አጠገብ ባለ አንድ የምህንድስና ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሠሩት ሥራ ነው። ይህን የምጠቅሰው እኛም ተማሪዎች መሆናችንን እንድናስታውስ ነው። የሥራውም ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ሸክላውን መጥረግ። ለስላሳ፣ ንጹሕና ደረቅ ጨርቅ ይዛችሁ ከመካከሉ ወደ ጠርዙ በቀጥታ ጥረጉ። እያዞራችሁ አትጥረጉ፤ ምክንያቱም የመረጃው መንገድ ክብ ስለሆነ፣ በመንገዱ አንጻር የሚሄድ ጭረት ብዙ ተከታታይ ምልክቶችን ያጠፋል። መንገዱን የሚያቋርጥ ጭረት ግን ከየዙሩ ጥቂት ብቻ ስለሚነካ፣ መሣሪያው የጎደለውን በሒሳብ ሊሞላው ይችላል።

ሁለተኛ፣ ዲቪዲውን እንዳለ ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ። ከሸክላው ላይ በቀጥታ ለመለወጥ አትቸኩሉ። በመጀመሪያ ምንም ሳይለወጥ የተገለበጠ አንድ ቅጂ ይኑራችሁ። የፈተና ወረቀት ከኮፒ ላይ ኮፒ ሲደረግ፣ አራተኛው ኮፒ የማይነበብ ሆኖ እንደሚመጣ ሁላችንም አይተናል። ፊልምም እንዲሁ ነው፤ በታጠፈና እንደ ገና በታጠፈ ቍጥር አንዳች ነገር ያጣል። ሁልጊዜ የምትለውጡት ከመጀመሪያው ይሁን።

ሦስተኛ፣ ትክክለኛውን ክፍል መምረጥ። ፕሮግራሙ በዲቪዲው ውስጥ ያሉትን ክፍሎች ከርዝመታቸው ጋር ይዘረዝራል። አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ፊልም ረጅሙ ነው።

አራተኛ፣ የሥዕሉን ስፋት መጠበቅ። የእናቴ ስልክ ላይ ሰዎቹ የቀጠኑት እዚህ ላይ በተሠራ ስሕተት ነው። በሸክላው ላይ የተጻፈው ሥዕል 720 በ576 ቢሆንም፣ ሰፊ መልክ ያለው ፊልም በሚታይበት ጊዜ ወደ ጎን ተዘርግቶ 1,024 በ576 ያህል መሆን አለበት። ይህን የሚያዝ ምልክት በዲቪዲው ውስጥ አለ። ያን ምልክት ያላነበበ ፕሮግራም ወይም ያጠፋው ሰው ወፍራሙን አባት ቀጭን ያደርገዋል።

አምስተኛ፣ የሥዕሎቹን ፍጥነት አለመንካት። በሴኮንድ 25 ከሆነ 25 ይሁን። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ሥዕሉን ሳያስተካክል የሚቀንስ ሰው ድምፁን ከአፉ ይለየዋል። ድምፁን ደግሞ ስልክ ሁሉ በሚያውቀው ኤኤሲ በሚባለው ደንብ ለውጡት፤ በዲቪዲ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘውን ኤሲ 3 የሚባለውን አንዳንድ ስልኮች ስለማያውቁት፣ ሥዕሉ ያለ ድምፅ ይቀራል።

ስድስተኛ፣ የማበጠሪያውን ጥርስ ማጥፋት። የድሮ የቪዲዮ ካሜራ አንዱን ሥዕል በሁለት ከፍሎ፣ መጀመሪያ ጎዶሎ መስመሮችን፣ ቀጥሎ ሙሉ ቍጥር መስመሮችን ያነሣ ነበር። ለአሮጌው ቴሌቪዥን ይህ ተስማሚ ነው። በስልክ ላይ ግን ሰዎቹ እስክስታ ሲወርዱ ትከሻቸው ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። በሀንድብሬክ ውስጥ ሁለቱን መስመሮች የሚያዋሕድ ማዘዣ አለ፤ የሠርግ ፊልም የሚለውጥ ሰው እርሱን ይክፈት።

ሰባተኛ፣ የጥራቱን ቍጥር መምረጥ። በዚህ ፕሮግራም ቍጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይበልጣል፤ ፋይሉም ያድጋል። ለዲቪዲ ከ18 እስከ 22 ያለው ይስማማል። በዚህ ዐይነት የእኛ የ4.2 ጊጋባይት ሠርግ 1.1 ጊጋባይት ገደማ ሆነ። እንዲህ ከሆነ፣ 6 ዲቪዲ ብቻ በሚገባበት የ32 ጊጋባይት ካርድ ላይ ከ25 በላይ ይገባል ማለት ነው።

ስምንተኛ፣ ሙሉውን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ብቻ ለውጣችሁ በስልኩ ላይ ተመልከቱ። ይህን ምክር የምሰጠው ከመከራ ተምሬ ነው። በመጀመሪያው ቀን ኮምፒዩተሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ሠርቶ፣ ሊፈጽም ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። የተሠራው ሁሉ ከንቱ ሆነ። ምክንያቱም ኤምፒ 4 የሚባለው የፋይል ዐይነት የውስጡ ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በመጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ያልተፈጸመው ፋይል አይከፈትም። ባትሪው ደኅና የሆነ ላፕቶፕ የሌለው ሰው ሥራውን በክፍል በክፍል ቢያደርገው ይሻለዋል።

ክቡራትና ክቡራን፤ ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላም ሥራው ቀላል አልሆነልኝም። ዲቪዲያችን ተጭሮ ነበር። ቅጂውን ስጀምር ኮምፒዩተሩ በአንድ ቦታ ደርሶ ይቆማል፤ እንደ ገና ስጀምር እዚያው ላይ ይቆማል። መምህራችን ባዩኝ ጊዜ ዲዲሬስኪው የሚባል ሌላ ነጻ ፕሮግራም አሳዩኝ። ይህ ፕሮግራም እንደ ብልህ ተማሪ ነው። ከባዱ ጥያቄ ላይ ተቀምጦ ጊዜውን አያባክንም፤ ቀላሉን ሁሉ አስቀድሞ ሠርቶ፣ ከዚያ ወደ ከባዱ ተመልሶ ደጋግሞ ይሞክራል። በቤተ ሙከራው ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሦስት ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ስናስነብበው ሰነበትን። በመጨረሻ ከሙሉው ፊልም 9 ሴኮንድ ብቻ ቀረ። 9 ሴኮንዱ ግን የት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ በአባቴ ምርቃት መካከል ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኩን ይዤ ወደ ጊደር መጋላ ሄድሁ። እናቴ ከበርበሬውና ከእርዱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ከፍቼ ሰጠኋት። ፊቱ እንደ ፊቱ ነው፤ ቃሉም ከአፉ ጋር ይሄዳል። ድምፁ እኔ እንዳሰብሁት ወፍራም አይደለም፤ ቀጠን ያለ ነው። የሰፈሩ ነጋዴዎችም ተሰበሰቡ፤ አንዲት የሐረሪ እናት፣ ከእናቴ ጋር ብዙ ዓመት ጎን ለጎን የሸጡ፣ አባቴን አውቀውት ኖሮ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ ሥዕሉ ቆመና ዘጠኙ ሴኮንድ አለፈ። እኔ ዐፈርሁ። እናቴ ግን ዐይኗን ከስልኩ ሳታነሣ፣ «እዚህ ላይ ማይክሮፎኑ ከእጁ አምልጦት ወደቀና ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ» አለችኝ።

እንግዲህ የአባቴን ድምፅ አገኘሁ፤ ሳቁን ግን አላገኘሁም። ይህ ዲቪዲ ከ5 ዓመት በፊት ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ ሳቁም በተገኘ ነበር እያልሁ አስባለሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ እንድናገር ያስገደደኝ ይህ ነው።

ቀጥሎ ስለ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይገባኛል፤ ይህም የራሴ ጥፋት ስለሆነ ነው። ሥራውን ከተማርሁ በኋላ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በገበያ የሚሸጡ የአማርኛ ፊልሞችን ለጓደኞቼ በስልካቸው ላይ እየጫንሁ ለአንዱ 10 ብር እቀበል ነበር። እናቴን የማግዝ መሰለኝ። በፋሲካ ሰሞን የአንድ ጓደኛዬ ታላቅ ወንድም ከአዲስ አበባ መጣ። ሥራው በፊልም ቀረጻ ላይ መብራት መያዝ ነው። የጫንኋቸውን ፊልሞች ዝርዝር ሲያይ እርሱ የደከመበትን አንዱን አገኘ። አልተቈጣኝም። «ስንት አገኘህበት?» ብሎ ጠየቀኝ። ለ14 ሰዎች ጭኜ ነበርና «140 ብር» አልሁት። እርሱም፣ «በርታ፤ እኔ ቀሪ ሒሳቤ ገና አልተከፈለኝም» አለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

የአገራችን ሕግም በዚህ ነገር ዝም አላለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የሥራው ባለቤት ሥራውን የማባዛትና የማሠራጨት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይኸው አዋጅ አንድ ሰው ታትሞ የወጣን ሥራ ለራሱ የግል ጥቅም ብቻ በአንድ ቅጂ ቢገለብጥ ባለቤቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይናገራል። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ግልጽ ነው። የገዛችሁትን ለራሳችሁ ዐይን መለወጥና የሰውን ላብ እየገለበጡ በ10 ብር መሸጥ አንድ አይደሉም። ብዙዎቹ በፋብሪካ የታተሙ ዲቪዲዎችም ሆን ተብለው የተቈለፉ ናቸው። ሀንድብሬክ ብቻውን ያን ቍልፍ አይከፍትም፤ እኔም ዛሬ ስለዚያ አላስተምርም። የቤተሰባችን ሠርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካርና ምረቃ ግን ቍልፍ የለበትም፤ ባለቤቶቹም እኛው ነን።

አንዳንድ ሰው «ይህ የዘመናዊ መሣሪያ ጣጣ ነው፤ ለሐረር ምኗም አይደለም» ይል ይሆናል። እኔ ግን ይህች ከተማ ከማንም ይልቅ ነገሩን ታውቀዋለች ለማለት እደፍራለሁ። በጀጎል ውስጥ የቅዱስ ቁርኣን ጽሕፈትና የመጽሐፍ ጥረዛ ለብዙ ዘመን የታወቀ ጥበብ ነበር። በአብያተ ክርስቲያናችንም የብራና ጸሐፊዎች አሮጌው ሳይበጣጠስ አዲስ ይጽፉ ነበር። አዋቂ ጸሐፊ የሚመሰገነው ከራሱ በመጨመሩ አይደለም፤ ምንም ሳያጐድል በማስተላለፉ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1883 ዓ.ም. አርቱር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔ፣ በንግድ ሥራ ሐረር ተቀምጦ ሳለ፣ የፎቶግራፍ መሣሪያ አስመጥቶ የራሱን ፎቶግራፎች አነሣና ለእናቱ ላከ። በደብዳቤውም ፎቶግራፎቹ የነጡት በሚያጥብበት መጥፎ ውኃ ምክንያት መሆኑን ገልጾ ነበር። የደበዘዙ ቢሆኑም ቤተሰቡ ስለ ጠበቃቸው እስከ ዛሬ ድረስ ይታያሉ። በእኛም ዘመን አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ያቋቋሙት፣ ዛሬ በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘው ሙዚየም፣ የብራና መጻሕፍትንና የቆዩ የሐረሪ ዘፈኖችን ቅጂ ሰብስቦ ይዟል። እነዚህ ሁሉ የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው፤ ነገር የሚጠበቀው በወቅቱ አስቦ የሚገለብጠው ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ደግሞም ዛሬ ከእያንዳንዳችን ቤት አንድ ሰው በሩቅ አገር አለ። በቶሮንቶ፣ በዋሽንግተን፣ በሜልቦርን የሚኖሩ ዘመዶቻችን የእናታቸውን ቤት፣ የሰፈራቸውን ጠባብ መንገድ ማየት ይናፍቃሉ። ዲቪዲ በፖስታ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል፤ ሲደርስም ይሰበራል። የተለወጠው ፊልም ግን በዚያው ቀን ይደርስላቸዋል። አክስቴ ሠርጓን በስልኳ ያየችው ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ደውላ ያለችው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ወንድሜ» አለችና ዝም አለች።

ስለዚህ ንግግሬን በሦስት ልመናዎች እፈጽማለሁ።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ዲቪዲዎቻችሁን ከመስኮት አጠገብና ከምድጃ ሙቀት አንሡ፤ በማኅደራቸው አስገብታችሁ በጥላ ቦታ በቁማቸው አስቀምጡ። ስማቸውን በሸክላው ላይ በእስክሪብቶ አትቧጥጡ። ለማንም ሰው ስትሰጡም ዋናውን መልሳችሁ መቀበላችሁን አትርሱ።

መምህራን ሆይ፤ የትምህርት ቤታችን የቀድሞ በዓላትና ምረቃዎች በዲቪዲ ተቀርጸው በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ አሉ። በእነርሱ ውስጥ ዛሬ በሕይወት የሌሉ መምህራን ያስተምራሉ፣ ይናገራሉ። ይህን በዓል ምክንያት አድርገን እነርሱን እንድንገለብጥ ፈቃዳችሁን እንለምናለን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ የሳይንስ ክበባችን እስከ ትምህርት ዘመኑ መጨረሻ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በቤተ ሙከራው ውስጥ የቤተሰብ ዲቪዲዎችን ያለ ምንም ክፍያ ይለውጣል። የሚያስፈልጋችሁ የራሳችሁን ፍላሽ መያዝ ብቻ ነው። የሚሸጥ ፊልም ግን አንቀበልም። ሥራውን ለመማር የሚፈልግም ይምጣ፤ እኔ በዚህ ዓመት ስለምጨርስ የሚተካኝ ሰው ያስፈልጋል። የተለወጠውንም በሁለት ቦታ አስቀምጡት፤ አንዱ በስልካችሁ፣ ሌላው በሌላ ሰው ቤት ይሁን። ስልክ ይጠፋል፣ ካርድም ይበላሻል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በእኛ ቤት ጥቂት ዘግይተን 9 ሴኮንድ ተቃጠለብን። በእናንተ ቤት አንድም ሴኮንድ እንዳይቃጠል ከልብ እመኛለሁ።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን፣ ከተማችንንና አገራችንን ይባርክ።